በመጠነኛ ገንዘብ ጥሩ የስኑከር መምቻ ዘንግ ስለ መግዛት

ዋጋው የተወደደ ዕቃ ሁሉ መልካም፥ ዋጋው የረከሰ ሁሉ የማይረባ ነው የሚለው አሳብ በብዙ ገዢዎች ልብ ውስጥ ተተክሎ ይኖራል። የስኑከር መምቻ ዘንግ ገበያ ግን ይህን አሳብ ከሚያፈርሱት አንዱ ነው። እስኮትላንዳዊው ስቲቨን ሄንድሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1990 እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፥ ድሉን ሁሉ ያገኘበት ዘንግ በልጅነቱ የያዘው፥ ዋጋውም 40 ፓውንድ ያህል የነበረ ተራ ዕቃ ነው። በ1990 በተሰረቀበት ጊዜ ላመጣለት ሰው 10,000 ፓውንድ ወሮታ እንደሚሰጥ አስነገረ፤ ዘንጉም ተመለሰለት። የ40 ፓውንድ ዕቃ በባለቤቱ ዘንድ ይህን ያህል መክበሩ እጅ ከለመደው ዘንግ መለየት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህም ከደመወዙ እየቈጠበ የሚገዛ ሰው ብዙ ዓመት አብሮት የሚኖረውን ዘንግ ሲመርጥ ቢጠነቀቅ ይገባዋል።

ስኑከር በ1875 ዓ.ም. በሕንድ አገር በጃባልፑር ከተማ ሰፍረው በነበሩ የእንግሊዝ መኰንኖች ዘንድ እንደ ተጀመረ ይነገራል። ካራምቡላና ፑል የለመደ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የስኑከር ኳስ ስፋቱ 52.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካ ፑል ኳስ ግን 57 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዚህም ምክንያት የስኑከር ዘንግ ጫፍ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቀጥናል፤ የፑሉ 12 ወይም 13 ይደርሳል። ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ብቻ የፑል ዘንግ ለስኑከር የገዛ ሰው ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው።

ዋጋውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከሁሉ ይልቅ የእጀታው አሠራር ነው። በእጅ በተሠራው ዘንግ፥ አሽ የተባለው ነጣ ያለ እንጨት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፍና፥ በእጀታው በኩል በአራት ወገን የዞጲ ቍራጭ በሙጫ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ ሠራተኛው በመላጊያ እየላገ ክብ ያደርገዋል። ከዚህም የተነሣ ጥቁሩ እንጨት ከነጩ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ እንደ ጥፍር የዞረ ሆኖ ይታያል። በፋብሪካ መኪና በተሠራው ግን ሁለቱ እንጨቶች እንደ ጣቶች ተፈልቅቀው እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፤ ጫፎቹም እንደ ጦር የሾሉ ናቸው። የመጀመሪያው ብዙ መቶ ፓውንድ ሲያወጣ ሁለተኛው ከ100 ፓውንድ በታች ይገኛል። የመኪናው ሥራ ጠንካራ ስለሆነ መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ቢይዝ አያፍርበትም፤ ኳሱስ ቢሆን ዞጲው በምን እንደ ተጋጠመ ያውቃልን?

ሦስተኛው ዓይነት ግን ያጠራጥራል። ይህ በአንድ ወጥ እንጨት ላይ የዞጲ መልክ በቀለም የተቀባበት ወይም የታተመ ሥዕል የተለጠፈበት ነው። ገዢው ጥቁሩን ክፍል ወደ ብርሃን አቅርቦ ቢመረምር፥ እውነተኛው እንጨት የራሱ ጅማት ሲኖረው ሥዕሉ ወይ ምንም የለውም፥ ወይ የነጩ ጅማት ከሥሩ አልፎ ይታያል። ሥዕሉ ዘንጉን አያበላሸውም፤ ለሥዕል የዞጲ ዋጋ መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

ቀጥ ማለቱን ለማወቅ አብዛኛው ሰው ዘንጉን በጠረጴዛ ላይ ያንከባልላል። ይህ ፈተና ብቻውን አያስተማምንም። በአንዳንድ ዘንጎች እጀታ መጨረሻ ላይ ሆን ተብሎ የተላገ ጠፍጣፋ ወገን ስለሚኖር፥ ቀጥ ያለው ዘንግ እንኳ ሲንከባለል ይዘላል። የሚሻለው እጀታውን ወደ ዐይን አቅርቦ፥ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ፥ ቀስ በቀስ እያዞሩ እስከ ጫፉ ማየት ነው። ከፕላስቲክ መጠቅለያው አውጥቶ እንዲህ ለማየት የማይፈቅድ ሻጭ ካለ፥ ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ ቢሄድ ይሻለዋል።

እንጨቱ አሽ ወይም ሜፕል ቢሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። አሽ ጅማቱ ጐልቶ ስለሚታይ ለማነጣጠር የሚረዳቸው አሉ፤ የሜፕልን ልስላሴ የሚመርጡም አሉ። በሁለቱም ዘንድ ጅማቱ በርዝመቱ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። የተለመደው ርዝመት 145 ሴንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱም ከ480 እስከ 530 ግራም ነው።

ወጥ ወይስ ተገጣጣሚ የሚለው ጥያቄ ድሮ ብዙ ያከራክር ነበር። በ1977 ዓ.ም. ጆን ስፔንሰር በሁለት ክፍል ዘንግ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ ግን ክርክሩ በረደ። ተገጣጣሚ የሚገዛ ሰው የናሱን ብሎን አጥብቆ አስሮ፥ እጀታውን በቀስታ ወለሉ ላይ መታ መታ ያድርገው፤ የሚንቀጫቀጥ ድምፅ ከተሰማ መገጣጠሚያው ወይም የጫፉ የናስ ቀለበት ልል ነው። በአንድ ዋጋ ሁለቱም ከቀረቡና ዘንጉ ከክበቡ የማይወጣ ከሆነ፥ መገጣጠሚያ የሌለው ወጡ ይመረጣል።

በርካሽ ዘንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ኳሱን የሚነካው የቆዳ ጫፍ ነው። ይህ በጥቂት ገንዘብ ስለሚለወጥ፥ በቆዳው መጥፎነት ምክንያት ቀጥ ያለ ዘንግ ትቶ መሄድ አይገባም፤ እንዲያውም ያገለገለ ዘንግ ከሚሸጥ ሰው ጋር ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ መነሻ ይሆናል። የጐበጠውን እንጨት ግን ማንም በርካሽ አያቀናውም።

ከያዘው ገንዘብ ላይ ለጠንካራ ማኅደር የሚሆን ማስቀረት ደግሞ ያስፈልጋል። ዘንግ በፀሐይ ከጋለ የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ ይጐብጣል። የሄንድሪም ዘንግ በ2003 ዓ.ም. በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ተሰብሮ ከጥገና ውጭ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሻምፒዮናውን ዳግመኛ ባያገኝም ምክንያቱን ሁሉ በዘንጉ ላይ መጣል አይገባም፤ ቀድሞም ከ1999 በኋላ አላገኘም ነበርና።