የጭነት መኪና ቺንጋ ለምን ደጋግሞ ይበጠሳል? ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መንገዶች አንጻር የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናገረው በጋራዥ ቋንቋ «ቺንጋ» ስለምንለው፣ ከሞተሩ ፊት ለፊት ስለሚሽከረከረው የጎማ ቀበቶ ነው። ርእሱ ለዚህ አዳራሽ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰውን፣ በቻይና እርዳታ የተሠራውን መንገድ የተጓዘ፣ ወይም ወደ ዐርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ በጠጠር መንገድ የወረደ ሰው፣ አንድ ቺንጋ ዳገት ላይ ሲበጠስ የሚከተለውን መከራ አያጣውም።

ቺንጋው የውሃ ፓምፑን የሚያዞር ከሆነ ውሃው መዘዋወሩን ያቆምና ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ዲናሞው ባትሪ መሙላቱን ይተዋል፤ ሌሊት ከሆነ መብራቱ እየደከመ ይሄዳል። የፓወር ስቲሪንግ ፓምፑ በዚሁ ቺንጋ የሚነዳ ከሆነ መሪው ይከብዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ በአንዳንድ ቀላልና መካከለኛ የናፍጣ መኪኖች ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኪዩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ ከእርሱ ጋር ይዞራል። ቺንጋው ሲበጠስ ይህም ፓምፕ ይቆማል። ሾፌሩ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ከረገጠ በኋላ የተጠራቀመው ቫኪዩም ያልቅና ፍሬኑ ድንጋይ ይሆንበታል። ጭነት ይዞ ቁልቁል ለሚወርድ መኪና ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ላስረዳችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ደጋግሞ የሚያልቅ ወይም የሚበጣጠስ ቺንጋ፣ በአብዛኛው የሌላ ክፍል ጥፋት ምስክር ነው። ምስክሩን እየቀየርን ጥፋተኛውን ከተውነው፣ አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉትን ሥራ እንሠራለን። በአግባቡ የተገጠመ ዘመናዊ ቺንጋ ብዙ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይሠራል። በወር ውስጥ ሁለተኛ ቺንጋ የጠየቀ መኪና ምርመራ እየጠየቀ ነው።

በቅድሚያ ዓይነቱን እንለይ። የቀድሞዎቹ የጭነት መኪኖች ሁለት ወይም ሦስት የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው አጫጭር ቺንጋዎች ነበሯቸው፤ ዛሬም ብዙዎቹ በእነርሱ ይሠራሉ። በአዳዲሶቹ ላይ ግን አንድ ረጅም፣ በውስጥ ገጹ ቁመቱን የተከተሉ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት ቺንጋ፣ እንደ እባብ ከፑሊ ወደ ፑሊ እየተጠማዘዘ ሁሉንም ያዞራል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1979 በፎርድ ሙስታንግ ላይ ከታየ ወዲህ በስፋት ተሠራጭቷል። ጥቅሙ ቦታ መቆጠቡና በራሱ መወጠሪያ መስተካከሉ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ የአንዱ ፑሊ ሕመም ሁሉን የሚያዞረውን አንድ ቺንጋ ያጠፋዋል።

አሁን ትንሽ ስሌት እናድርግ። የክራንክሻፍቱ ፑሊ ዲያሜትር 20 ሴንቲሜትር፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2,000 ይሁን። የቺንጋው ፍጥነት በሴኮንድ 21 ሜትር ያህል ይሆናል። የቺንጋው ርዝመት 1.5 ሜትር ከሆነ፣ በሴኮንድ 14 ጊዜ፣ በሰዓት ደግሞ 50,000 ጊዜ ያህል ሙሉ ዙር ይዞራል። አምስት ፑሊዎች ካሉት በሰዓት 250,000 ጊዜ ወደ ፑሊ ይገባል፤ በገባ ቁጥርም ይታጠፋል። ከእነዚህ ፑሊዎች አንዱ በጥቂት ሚሊሜትር ከመስመር ቢወጣ፣ የቺንጋው ጠርዝ በሰዓት 50,000 ጊዜ ይፋቃል ማለት ነው። ዓይን ያላየው ስሕተት በአንድ ሳምንት ጎማውን የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስሌት ስለ መንሸራተት ነው። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሳየው ሕግ መሠረት፣ ቺንጋ ሳይንሸራተት ሊሸከመው የሚችለው የውጥረት ልዩነት በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ ፑሊውን በምን ያህል ማዕዘን እንደሚያቅፈውና በሁለቱ መካከል ባለው ሰበቃ። ፑሊውን በግማሽ ዙር ያቀፈ ቺንጋ የሰበቃ መጠኑ 0.5 ቢሆን፣ የጠባቂው ጎን ውጥረት የላላው ጎን 4.8 እጥፍ እስኪሆን ድረስ ይይዛል። ዘይት ነክቶት ሰበቃው ወደ 0.25 ቢወርድ ግን ይህ ቁጥር 2.2 ብቻ ይሆናል። ሰበቃው በግማሽ ሲቀንስ የመያዝ ዐቅሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አንድ ጠብታ ዘይት እንዴት አዲስ ቺንጋ እንደሚያቃጥል ስሌቱ ይነግረናል።

ከስሌቱ ወደ ምስክሩ ቃል እንለፍ። የወለቀው ቺንጋ ከመጣሉ በፊት በብርሃን ሊነበብ ይገባዋል።

አንደኛ፣ አንዱ ጠርዙ ብቻ ከተበላና ክሩ ከወጣ፣ ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። የተጣመመ መያዣ፣ የላላ ቡሎን፣ ከልክ በላይ የገባ አዲስ ፑሊ፣ ወይም ያረጀ ኩሽኔታ ይህን ያመጣል። በተለምዶ የሚፈቀደው ስሕተት በ30 ሴንቲሜትር ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ገጹ እንደ መስታወት ካበራና የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ፣ ቺንጋው ተንሸራቷል። ወይ መወጠሪያው ደክሟል፣ ወይ ከሚዞሩት ክፍሎች አንዱ ሊነክስ ደርሷል።

ሦስተኛ፣ ጎማው ካበጠ፣ ከለሰለሰና መስመሮቹ ከተላቀቁ፣ ዘይት፣ ናፍጣ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ እየነካው ነው። ምንጩ የክራንክሻፍቱ የፊት ዘይት መከላከያ፣ የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን ወይም የስቲሪንግ ቱቦ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በመስመሮቹ መካከል ጠጠር ከተሰካ ወይም መስመሮቹ በቁመት ከተሰነጠቁ፣ ከታች ያለው የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ ወልቋል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አምስተኛ፣ ሌላው ገጹ ደኅና ሆኖ በአንድ ቦታ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ከተበጠሰ፣ ሲገጠም በካቻቪቴ ተገፍትሮ የውስጥ ክሩ ተጎድቶ ይሆናል፤ አለዚያም አንድ ፑሊ በድንገት ቆሟል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በቀድሞው የኒዮፕሪን ጎማ ዘመን የቺንጋ እርጅና በስንጥቅ ይታወቅ ነበር። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ስለሚሠሩ፣ ሳይሰነጠቁ እንደ መኪና ጎማ ቀስ በቀስ ይሳሳሉ። ስለዚህ «ስንጥቅ የለውም፣ ደኅና ነው» የሚለው ፍርድ አያስተማምንም፤ የመስመሮቹ ጥልቀት መለካት አለበት።

የአካባቢያችንን ጠባይ ደግሞ እንመልከት። የንፋስ መውጫ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የጉና ተራራ ራስ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ደጋው ላይ በውርጭ ያደረ ሞተር ሲነሣ የስቲሪንግ ዘይቱ ወፍሯል፤ የደከመው ባትሪ ከዲናሞው ብዙ ኃይል ይስባል፤ ጎማውም ደርቋል። ቺንጋው በማለዳ የሚጮኸው ሸክሙ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣበት ነው። ተጨማሪ መብራት የተገጠመለት መኪና ሸክሙን ያበዛዋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይይዝ ከሆነ የቺንጋ ጥቂት መንሸራተት እንኳ ሞተሩን ያፈላዋል። ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ይተካል። በበጋ አቧራው እንደ ሞረድ ጎማውንና ኩሽኔታውን ይበላል፤ በክረምት ጭቃው ፑሊው ውስጥ ይጋገራል። የጠጠሩ ንዝረት ደግሞ የመያዣዎቹን ቡሎኖች ያላላል። እነዚህ ሁሉ ምክንያቱን ያፋጥናሉ እንጂ ምርመራውን አይተኩም፤ «መንገዱ ነው» ብሎ መተው ቀላል ስለሆነ ይህን አበክሬ እናገራለሁ።

የምርመራው ቅደም ተከተል እንዲህ ይሁን። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ እጅና ልብስ ርቆ፣ በቺንጋው የውስጥ ገጽ ላይ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ይረጭ። ጩኸቱ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሊዎቹ ከመስመር ወጥተዋል፤ ከጨመረ ውጥረቱ አንሷል። ከዚያ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ይውጣ፣ ቺንጋው ይውለቅ። እያንዳንዱ ፑሊ በእጅ ይዙር፤ የሚንኮራኮር፣ የሚንገዳገድ ወይም የሚነክስ ካለ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ሲባጎ በፑሊዎቹ ፊት ይዘርጋ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የክራንክሻፍቱ ፑሊ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ፑሊ የሞተሩን ንዝረት ለመዋጥ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል የጎማ ቀለበት አለው። ጎማው ሲላቀቅ የውጭው ቀለበት ይንሸራተታል፣ ይንገዳገዳል፣ ቺንጋውንም ያወጣዋል። ከመሐሉ እስከ ጠርዙ አንድ የጠመኔ መስመር ስመሩበትና መኪናው ትንሽ ይሥራ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ለማስተማሪያ ያህል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ መኪና በሦስት ወር ሦስት ቺንጋ ጨረሰ እንበል። ባለቤቱ የመለዋወጫውን ጥራት ይከሳል። ሦስቱ ቺንጋዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ሁሉም በኋለኛው ጠርዝ በኩል ተበልተዋል። ሦስቱም ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ፣ የጥራት ክሱ በዚሁ ይወድቃል። ሲባጎው ሲዘረጋ ዲናሞው ወደ ፊት ወጥቶ ይገኛል፤ መያዣው ሲፈተሽ አንድ ቡሎን ጎድሏል። ሦስት ቺንጋ የፈጀው የአንድ ቡሎን መጉደል ነበር ማለት ነው። ቺንጋዎቹ ቢጣሉ ኖሮ ግን ይህ ማስረጃ አብሮ በጠፋ ነበር።

አዲሱ ሲገዛም ቁጥሩ ይነበብ። «8ፒኬ1550» ማለት ስምንት መስመር ያለው፣ 1,550 ሚሊሜትር የሚረዝም ማለት ነው። «ይመስላል» ተብሎ የተገጠመ ቺንጋ መወጠሪያውን ከሥራ ክልሉ ያወጣዋል። ጩኸት ለማስቆም ሳሙና ወይም ግራሶ መቀባትም የምስክሩን አፍ መዝጋት ነው፤ ጉዳቱ በዝምታ ይቀጥላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ስትወጡ አንድ ልማድ ይዛችሁ እንድትሄዱ እጠይቃለሁ። የወለቀውን ቺንጋ አትጣሉ። የፊቱንና የኋላውን ጠርዝ፣ የተገጠመበትንና የወለቀበትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁበት በጋራዡ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። በንፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ያለ ጋራዥ ይህን ለአንድ ዓመት ቢያደርግ፣ የራሱ የመንገዱ መዝገብ ይኖረዋል። ያ መዝገብ ለእኛ ለመምህራን የምርምር መነሻ፣ ሌሊት ጨጨሆን ለሚወጣ ሾፌርና ለረዳቱ ደግሞ ደኅንነት ይሆናል።