ከአያት ማዶ ያለው ተመልካች፦ የለገጣፎ የፊልምና የቴሌቪዥን አፍቃሪ ውሎና አስተያየት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ወደ ርእሰ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ የቆየ ጥፋቴን ልናገር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር፣ የሀገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን በአደባባይ አሰሙ። እኔም በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ተነሥቼ ነገሩን «የባህል ወረራ» አልሁት። ተጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ለገጣፎ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሄድሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ነበርና ቡናውን እየቀዳች፣ «ለመሆኑ የትኛውን ክፍል አይተህ ነው?» አለችኝ። አንዱንም አላየሁም ነበር።

ያን ዕለት የመለስሁላት መልስ የለም። የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ወዲህ በእሷና በጎረቤቶቿ ቤት እየተቀመጥሁ ያየሁትንና የሰማሁትን መሠረት ያደረገ ነው። ይህ በመጠይቅ የተደገፈ ጥናት አይደለም፤ አንድ መምህር ዘግይቶ የተማረው ነገር ነው። ላስረዳ የምፈልገውም ይህን ነው፦ እኛ «የተመልካች ጣዕም» እያልን የምንፈርድበት ነገር፣ በአብዛኛው ፊልሙ ወደ ተመልካቹ የሚደርስበት መንገድ ውጤት ነው። መንገድ ስል የአስፋልቱን፣ የዲሹን፣ የመብራቱንና ከሁሉ በላይ የቋንቋውን መንገድ ማለቴ ነው።

ለገጣፎ ከመሐል አዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንደሚያደርጉት ሁሉ ዋና ከተማዋን ከብበው ከሚኖሩት አንዷ ስትሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከእነሱ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልላለች። እህቴ ወደዚያ የሄደችው የመሐል ከተማው የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ስላላት ነው። እንደ እሷ ያሉ ብዙዎች ናቸው፤ ሥራቸው፣ ዘመዳቸውና የልጅነት ሲኒማ ቤታቸው አዲስ አበባ ቀርቶ፣ አልጋቸው ብቻ ወደ ዳር የወጣ ሰዎች።

ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር የምሥራቁ ጫፉ አያት ላይ ቆመ። ከአያት ወዲያ ታክሲ ነው። የእህቴ የመጨረሻ ልጅ ፊልም ነፍሱ ነው፤ አምባሳደር ሲኒማ ድረስ ለመሄድ ከቤቱ ታክሲ ይይዛል፣ አያት ላይ ባቡር ይጠብቃል፣ ስታዲየም ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። መመለሻውን ደግሞ እናንተ አስቡት፤ ሲመሽ የታክሲው ሰልፍ ይረዝማል፣ ታክሲው ያጥራል። «ጋሼ፣ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሲኒማ ቤቱ ግን ቀኑን ሙሉ ነው» ብሎኛል። ስለዚህ በሲኒማ ቤት ፊልም ማየት ለእሱ የበዓል ነገር ነው። የዘወትር ፊልሙ በስልኩ ላይ ያለ፣ በጓደኛው የተላከለት፣ አንድ ተራኪ ከላይ ሆኖ በአማርኛ የሚያወራበት «ትርጉም ፊልም» ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህ ዓይነቱን ፊልም በዩኒቨርሲቲ ስንንቀው እሰማለሁ። አንድ ሰው የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር ይተርካል፣ ታሪኩን ያሳጥራል፣ ይቀልዳል፣ ሲያሻው ጀግናውን ይሳደባል። ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በጃፓን የድምፅ አልባው ፊልም ዘመን «ቤንሺ» የሚባሉት ተራኪዎች ከተዋናዮቹ ያላነሰ ዝና ነበራቸው፤ በኡጋንዳም «ቪጄ» የሚባሉት እስከ ዛሬ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። የእህቴ ልጅ ፊልሙን ከዳይሬክተሩ ይልቅ በተራኪው ይመርጣል። የተራኪዎቹን ልዩነት ሲያስረዳኝ እኔ የሁለት ደራስያንን የአጻጻፍ ስልት ሳነጻጽር የምጠቀምባቸውን መመዘኛዎች ሁሉ በራሱ ቃላት ተጠቀመባቸው። ማን ከፊልሙ ጋር እንደሚሄድ፣ ማን ፊልሙን ጥሎ ለራሱ እንደሚያወራ፣ ማን ዝም ማለት እንደሚችል ለይቶ ያውቃል። ዝም የሚል ተራኪ፣ ይላል፣ ጥቂት ነው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። ስሙን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ም እንዲሁ ሰምቷል። አንዱንም አላየም። «የት ነው የማየው?» አለኝ። እኔ ሁለቱንም ያየሁት በግብዣ ነው፤ ይህን ለእሱ መናገር ግን አፈርሁ። ዓለም ያጨበጨበላቸው ፊልሞቻችን በፊልም አፍቃሪዎቻችን ዘንድ ሳይታዩ የሚታወቁ ሆነዋል።

አሁን ወደ ዲሹ ልሻገር። እኔና እህቴ ያደግነው ቴሌቪዥን በአንድ ሰፈር በአንድ ሰው ቤት በነበረበት ጊዜ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ምስሉ ቀለም ያገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የአባባ ተስፋዬን የልጆች ዝግጅት ለማየት ጫማችንን ደጃፍ አውልቀን በጎረቤት ወለል ላይ እንደረደር ነበር። ጣቢያው አንድ ስለነበረ ምርጫ አልነበረም፤ ስለዚህ ክርክሩ ስለታየው ነገር እንጂ ስለሚታየው ነገር አልነበረም። ዲሽ በየጣሪያው ሲወጣ ክርክሩ ተገለበጠ።

በለገጣፎ ጣሪያዎች ላይ የነበሩት ዲሾች ለብዙ ዓመታት ወደ ምዕራብ ያዩ ነበር፤ የዓረብ ጣቢያዎችን የሚያሠራጨው ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነውና። በነጻ የሚታየው ኤም ቢ ሲ 2 የአሜሪካን ፊልም በእንግሊዝኛ ድምፅና በዓረብኛ ጽሑፍ ያቀርባል። በ2012 ዓ.ም. የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት ሲሄዱ፣ እያንዳንዱ ቤት ውሳኔ ቀረበለት። ዲሹ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ኤም ቢ ሲ ይጠፋል፤ በቦታው ከቆየ የሀገሩ ድራማ ይቀራል። በእህቴ ቤት እናትና ልጅ ለሁለት ሳምንት ተኳረፉ። በመጨረሻ ሁለተኛ ዲሽ ተገዛ። ዛሬ ያን ሰፈር ብትጎበኙ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት ዲሾች በየቤቱ ታያላችሁ። ጎረቤት ያሉት ቤተሰቦች ኦ ቢ ኤን ላይ የአፋን ኦሮሞ ድራማ ይከታተላሉ፤ እህቴ እነሱ ዘንድ ስትቀመጥ የቤቱ ልጅ ይተረጉምላታል፣ እነሱ እሷ ዘንድ ሲመጡ ደግሞ እሷ በተራዋ ታብራራለች። መብራት ሲሄድ ሁሉም እኩል ነው።

ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን የቋንቋው መንገድ ነው። እህቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ታነባለች፤ ቀስ ብላ። በፊልም ግርጌ የሚጻፍ ትርጉም ቢቆይ ቢቆይ ከስድስትና ሰባት ሰከንድ አይበልጥም። እሷ ሦስተኛው ቃል ላይ ስትደርስ ይጠፋል። በ2008ቱ መድረክ ላይ «የውጭ ፊልም በጽሑፍ ትርጉም ይታይ፣ የባዕድ አፍ በአማርኛ ባይናገር ይሻላል» ብዬ ስከራከር፣ እህቴንና እንደ እሷ ያሉትን ሁሉ ከአዳራሹ ማስወጣቴ ነበር። ይህ አልታየኝም፤ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ፈጥነን የምናነብ ነበርና።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ምንም አታይም ነበር ማለት አይደለም። ለዓመታት የህንድ ፊልሞችን ቋንቋውን ሳታውቅ አይታለች። ብራያን ላርኪን የተባለው አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፉ፣ የሰሜን ናይጄሪያ ሐውሳዎች የህንድ ፊልምን እንዴት የራሳቸው የፍቅርና የቤተሰብ ጥያቄ መነጋገሪያ እንዳደረጉት ያሳያል። ለገጣፎም እንዲሁ ነበር። እህቴና ጎረቤቶቿ ከፊት ገጽታ፣ ከልብስና ካሜራው ከሚዘገይበት ቦታ ተነሥተው ታሪኩን ራሳቸው ይሠሩት ነበር። ከሃዲው ማን እንደሆነ ቀድማ ትናገራለች፣ ብዙ ጊዜም አትስትም። የድምፅ ትርጉም ሲመጣ ደስ ብሏት ይሆናል ብዬ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ግን፣ «ሲናገሩ ብሰማቸው እኔ ካሰብሁላቸው ያነሰ ነገር ነው የሚያወሩት» የሚል ነው። (ሳቅ)

ያም ሆኖ ትከታተላለች፤ ስትከታተልም በጆሮዋ ነው። ይህ የቋንቋ መምህር ሆኜ በጣም ያስገረመኝ ነገር ነው። ቱርክኛና አማርኛ ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱም ግን ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያስቀምጣሉ። ቁልፉ ቃል በሁለቱም ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ የተዋናዩ ፊት የሚለወጥበት ቅጽበትና የአማርኛው ግሥ የሚሰማበት ቅጽበት ሊገጥሙ ይችላሉ። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ይህ ያስቸግራል። በሌላ በኩል ቱርክኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ የመጣው ወንድ ይሁን ሴት ሳይገልጹ «መጣ» ማለት ይቻላል። አማርኛ ይህን አይፈቅድም። ጸሐፊው ለአሥር ክፍል የደበቀውን ምሥጢር ተርጓሚው በአንዲት «ች» ሊያወጣው ይችላል።

ከሁሉ የከፋባት ግን የአክብሮት አጠራር ነው። በአንድ ድራማ ውስጥ ምራት አማቷን «አንቺ» ስትል ሰምታ ለሳምንት ያህል ተናድዳለች። ቱርክኛ እንደ አማርኛው የአክብሮትና የቅርበት አጠራር አለው፤ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ በኩል ካለፈ ግን ልዩነቱ እዚያው ይቀልጣል። ለእኛ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። በአማርኛ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መውረድ ራሱን የቻለ ድርጊት ነው፤ ከጥፊ አይተናነስም። እህቴ ያንን ጥፊ ሰምታ የጠቡን መነሻ ስትፈልግ ከረመች፤ ጠብ አልነበረም።

የባለሙያዎቹ ሥጋት ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ተሠርቶ ያለቀ የውጭ ድራማን መግዛትና ማስተርጎም፣ ደራሲ ቀጥሮ፣ ቦታ ተከራይቶ፣ ተዋናይ ከፍሎ አዲስ ከመሥራት ጋር በዋጋ አይወዳደርም። ይህን ስነግራት እህቴ ወደ «ሰው ለሰው» ወሰደችኝ፤ በ2000ዎቹ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየውን፣ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የተጫወተበትን ድራማ። «አስናቀን የጠላሁት ስለማውቀው ነው» አለችኝ፤ «የቱርኩን ክፉ የምጠላው ግን ጥይው ስለተባልሁ ነው። ቤታቸው ያምራል። ክፋታቸው ግን የሰው ቤት ክፋት ነው።» ይህን ያለችው ሴት የቱርኩን ድራማ አንድ ክፍል አታልፍም። እኔ በዚያ መድረክ ላይ በአሥራ አምስት ደቂቃ ልናገር ሞክሬ ያልሆነልኝ ክርክር ይህ ነበር፤ እሷ ያገኘችው ድራማዎቹን አይታ ነው።

ኢየን አንግ የተባለችው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስለ «ዳላስ» ተመልካቾች ታዋቂ መጽሐፏን የጻፈችው 42 ደብዳቤዎችን ይዛ ነው። ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ይህን እነግራቸዋለሁ። አርባ ሁለት ሰው በአንድ የታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል።

ባለፈው እሑድ ይህን ንግግር እንደማቀርብ ስነግራት እህቴ አንድ ጥያቄ አደራ ብላኛለች። ያቺ ምራት አማቷን በቱርክኛውም ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅርበት ነበር ወይ የምትጠራት፣ ወይስ ተርጓሚዎቹ ናቸው ያዋረዷት? አላውቅም አልኋት፤ እፈልግልሻለሁ አልሁ። ክፍሉን በቱርክኛ አግኝቼዋለሁ፤ የምሰማው ግን ድምፁን ብቻ ነው። በአዳራሹ ውስጥ ቱርክኛ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከመርሐ ግብሩ በኋላ ግማሽ ሰዓት ብትሰጡኝ ላፕቶፑን ይዤዋለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።