ተረትና እውነታ፦ ኦሎምፒክ ሕዝብን ስፖርተኛ ያደርጋል?

ታላቅ ውድድር ያስተናገደ አገር ሕዝቡ ተነቃቅቶ ስፖርት ይጀምራል፣ ገንዘብም ይጎርፍለታል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ለንደንም እ.ኤ.አ. የ2012ን ኦሎምፒክ ያዘጋጀችው በዚሁ ተስፋ ነው። የብሪታንያ የሌበር ፓርቲ መንግሥት 2 ሚሊዮን ተጨማሪ ሰዎችን ለማንቀሳቀስ አቅዶ ነበር፤ ተተኪው መንግሥት ግን ውድድሩ ሳይጀመር ዕቅዱን ሰረዘው። ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር ወርቅ ካጠለቁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል የእንግሊዝ የሕዝብ ስፖርት ተቋም የሆነው ስፖርት ኢንግላንድ ያወጣው ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች በስድስት ወር ብቻ በ222,000 መቀነሳቸውን አሳየ። ትልቁ ቅናሽ የታየው በዋና ነው።

ከ2005 እስከዚያ ጥናት ድረስ ስፖርት የሚሠራው 1.4 ሚሊዮን ሰው ጨምሯል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። ግን በእነዚያው ዓመታት የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለጨመረ፣ ከመቶ ሲሰላ ለውጡ ጥቂት ነው። ጀግኖችን ማየት ልብ አያነሳሳም ማለቴ አይደለም። ያነሳሳል፤ ነገር ግን ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዋናነት የሚነሳሳው ቀድሞም ይሠራ የነበረው ወይም ሠርቶ የተወው ነው። ጨርሶ የማይንቀሳቀሰውን ሰው ከቤቱ የሚያስወጣው ቅርበትና ዋጋ ነው። ፓርክረን የተባለው የቅዳሜ ጠዋት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ በ2004 በለንደኑ ቡሺ ፓርክ በ13 ሯጮች ተጀምሮ በብዙ አገሮች የተስፋፋው ያለ ስታዲየም ነው፤ መግቢያውም ነጻ ነው።

ገንዘቡስ? በ2011 ጁላይና ኦገስት ብሪታንያን የጎበኙ የውጭ እንግዶች 6.57 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ በውድድሩ ዓመት በእነዚሁ ወራት ወደ 6.17 ሚሊዮን ወረዱ። ግርግሩንና ውድ ሆቴሉን የፈሩት ቀሩ። የኦሎምፒክ ስታዲየሙን ለእግር ኳስ ለማመቻቸት ብቻ 323 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ፤ ተከራዩ የዌስትሃም ክለብ ሲገባ የተስማማበት የዓመት ኪራይ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሒሳቡን ለአንባቢ ትቻለሁ። በሌላ በኩል የስፖርት ኢንግላንድ ስሌት በ2010 ስፖርት ለእንግሊዝ ኢኮኖሚ ካበረከተው 20.3 ቢሊዮን ፓውንድ 58 በመቶው የመጣው ራሳቸው ስፖርት ከሚሠሩ ሰዎች መሆኑን ያሳያል፦ ከሚገዙት ጫማ፣ ከሚከፍሉት የጂም ክፍያ፣ ከሚቀጥሩት አሠልጣኝ።

ስለዚህ ባለሥልጣን «ውድድሩ ሕዝቡን ያነቃቃል» ሲላችሁ፣ በየሰፈሩ ስንት ሜዳ እንደሚሠራና የመዋኛው መግቢያ ስንት ብር እንደሚሆን ጠይቁት።