የማይናገረው ሕመምተኛና የሆድ ድርቀት

የአንጎሉ ደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈንድቶ ግማሽ አካሉ የደከመበትን ሰው ቤተ ሰቡ ከሆስፒታል ሲያስገባ፥ የሁሉም ዓይን የሚያርፈው በእጁና በእግሩ ላይ ነው። ስለ ሆዱ የሚጠይቅ የለም። ይሁን እንጂ ስትሮክ ከተባለው ከዚህ ሕመም በኋላ ግማሽ የሚሆኑት ሕመምተኞች በሆድ ድርቀት እንደሚቸገሩ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አስረድተዋል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው አንጀቱ ይሰንፋል፤ መዋጥ የሚቸግረው ውሃ ይቀንሳል፤ አንዳንድ መድኃኒትም ሆድ ያደርቃል። ከዚህም በላይ ዕፍረት አለ። በወላይታ ገጠር መጸዳጃው ከእንሰቱ በስተጀርባ በሆነበት ቤት፥ አንድ አዛውንት ምራታቸውን ላለማስቸገር ሲሉ መጠጣት ቢተዉ ማን ይፈርድባቸዋል? ዳሩ ግን ሰገራው ይደርቃል፤ ማማጡም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ አስታማሚ የሚከተለውን ያድርግ።

1ኛ/ ቡላ ለሕመምተኛ የተወደደ ቢሆንም አሰሩ ጥቂት ነውና፥ ጎመን፥ ሽፈራው፥ ባቄላ፥ አቦካዶና ፓፓያ ይጨመርበት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለበት በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

2ኛ/ መቁነጥ ለማይችል ሰው መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ተሠርቶ ከሥሩ ባልዲ ይደረግ። ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ፥ አንጀት በሚነቃበት ሰዓት፥ እግሩን በዱካ ላይ አሳርፎ ለ10 ደቂቃ ይቀመጥ። ባልዲው በጉድጓድ ይደፋ፤ አስታማሚውም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ ሥር ለደካማ ሰው ፈጽሞ አይሰጥ። ሰውነቱን አድርቆ ለከባድ አደጋ ያደርሰዋልና።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። ለቀናት ደርቆ የቆየ ሰው በድንገት ቀጭን ሰገራ ቢያመልጠው ተቅማጥ ላይሆን ይችላል፤ በደረቀው ሰገራ ዙሪያ የሚያልፍ ፈሳሽ ሊሆን ይችላልና፥ የተቅማጥ ማቆሚያ ከመስጠት በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ። ሆዱ ቢነፋ፥ ቢያስመልሰው፥ ፈስም ቢከለከል ወይም ደም ቢታይ ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በሶዶ ኦቶና ተብሎ የሚታወቀው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይገኛል።

በመጨረሻም፥ በየማለዳው «ወጣልህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ምላሱ የተያዘውን ሕመምተኛ በደህናው እጁ ጨብጦ እንዲመልስ አስተምሩት፤ ያልተጠየቀ ሕመም ሳይነገር ይከብዳልና።