ምክንያቱን የማይናገር ነጥብ

በደቡብ ጎንደሯ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ማን ብድር ያግኝ፣ ማን ይቅር የሚለው ክርክር ቴክኖሎጂ ያመጣው አይደለም። ሰዉ አብቁተ የሚለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ጸደይ ባንክ ከመሆኑ በፊት፣ ገበሬውን በአብዛኛው ያበደረው በቡድን ዋስትና ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት ይፈርማል፤ የማይታመነው ከቡድኑ ይቀራል። አሠራሩ ቂምም አድልዎም አያጣውም፤ የቀረው ሰው ግን ማን በምን እንዳስቀረው ስለሚያውቅ ሽማግሌ ልኮ ይሟገታል። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በተስፋፋውና ጋይንትና ስማዳ በሚያውቁት ሴፍቲኔትም ደንቡ ይኸው ነው፤ የተመረጡት ስም በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ተበደልኩ ያለ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል።

ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር ቴሌብር መላና እንደኪሴ የተባሉ የስልክ ብድሮችን ሲጀምር፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ሚቹ የተባለውን ሲያወጣ፣ በመያዣ ቦታ የብድር ነጥብ ገባ። የዚህ ዓይነት ነጥብ በጥቅሉ የሚሰላው ሰው በስልኩ ከሚያንቀሳቅሰው ገንዘብና ከአከፋፈል ልማዱ ነው። ቤትና መሬት ለማያስይዝ ሰው ይህ ትልቅ በር ነው። ችግሩ የሚመጣው በሩ ሲዘጋ ነው። ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ምርት ከገባ በኋላ ነው፤ ክረምት ላይ ሒሳቡ ዝም ይላል። ሲሙ በባል ስም ከሆነ ደግሞ የሚስት ንግድ የሚመዘገበው ለእርሱ ነው። ወር በወር ደመወዝ ከሚያገኝ የከተማ ሰው መረጃ የተማረ ሞዴል ሁለቱንም እንደ ድክመት ሊያነባቸው ይችላል፤ ስህተቱ የሚታረመው ግን መኖሩ ሲታወቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ሞዴል ማስረዳት የሚከብደው ብዙ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ የውሳኔ ዛፎችን፣ ማለትም የ«ከሆነ» እና «ካልሆነ» ጥያቄ ሰንሰለቶችን፣ ደምሮ ስለሚፈርድ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተለመደው መፍትሔ ሻፕ የሚባለው ስሌት ነው፤ መሠረቱ ሎይድ ሻፕሊ በ1953 እ.ኤ.አ. የጋራ ትርፍን ለተጋሪዎች ለማከፋፈል ያወጣው ቀመር ነው። ለምሳሌ የተበዳሪዎች አማካይ ነጥብ 600፣ የአንዲት አመልካች 540 ነው እንበል። ስሌቱ የጎደለውን 60 ይበትነዋል፤ የገንዘብ እንቅስቃሴዋ መቆራረጥ 35 ቀነሰባት፣ የደንበኝነቷ ማጠር 40 ቀነሰባት፣ የቀድሞ ብድሯን በወቅቱ መክፈሏ 15 ጨመረላት። አሁን የምትከራከርበት ነገር አገኘች።

ይሁን እንጂ ይህ ማብራሪያ የሚናገረው ሞዴሉ ምን እንዳደረገ እንጂ ያደረገው ልክ መሆኑን አይደለም። ሁለት መረጃዎች አብረው የሚሄዱ ከሆነ ጥፋቱን በሁለቱ መካከል የሚያካፍለው እንደ አሰላሉ ነው። ስለዚህ ሲንቲያ ሩዲን የተባለችው ተመራማሪ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከራከረችበት መንገድ ይሻላል፤ የሰው ኑሮ በሚወሰንበት ቦታ የተሸፈነ ሞዴል ሠርቶ ኋላ ከማስረዳት፣ ከመነሻው የሚነበብ ሞዴል መሥራት።

ግልጽነት ትክክለኛነትን ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እንደ ብድር ታሪክ በሠንጠረዥ በሚቀመጥ መረጃ ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ነው የሚል ባንክ በራሱ መረጃ ያሳይ። ሁለተኛው ስጋት ሰዉ መስፈርቱን ካወቀ ያታልላል የሚለው ነው። በወቅቱ መክፈል ነጥብ እንደሚጨምር ያወቀ ሰው በወቅቱ ቢከፍል ተጎጂ የለም፤ በቀላሉ የሚታለል መስፈርት ደግሞ ቀድሞም ደካማ ነበር። ገበሬው ስሌቱን አይረዳም የሚለው ክርክርም አያስኬድም። የሚጠየቀው ሦስት ምክንያት በአማርኛ እንጂ ቀመር አይደለም። በአሜሪካ አበዳሪ ብድር ሲከለክል ዋና ምክንያቶቹን የመግለጽ ግዴታ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የአገሪቱ የተጠቃሚዎች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮም በ2022 እ.ኤ.አ. የሞዴል ውስብስብነት ሰበብ እንደማይሆን ገልጿል።

በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት ሰጥቶታል። መረጃውን አይቶ ፍርዱ እንዴት እንደተሰጠ ካላወቀ ግን መብቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ ለየትኛውም የብድር ነጥብ ሦስት መለኪያ ይበቃል፦ ለተከለከለው ምክንያቱ ይነገረው፣ በመጪው ጊዜ ምን ቢያስተካክል እንደሚሻለው ይታወቅ፣ ቅሬታውን ሰምቶ ውሳኔውን ሊቀይር የሚችል ሰው ይኑር። ሦስተኛው ከሌለ የፊተኞቹ ሁለቱ ማጽናኛ ብቻ ናቸው።