ዲስኩ አልነበብ ያለ እንደ ሆነ

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት ጎጆ የወጡ ብዙ ባልና ሚስት የሠርጋቸው መታሰቢያ አንዲት ቀጭን የዲቪዲ ዲስክ ናት። በዚያች ዲስክ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ቆመው ሲመርቁ ይሰማሉ፤ አያት በእልልታ ሙሽራይቱን ሲሸኙ ይታያሉ። ቤተ ሰቡ በበዓል ቀን ተሰብስቦ ዲስኩን ከማጫወቻው ሲያስገባው ግን አንዳንድ ጊዜ መኪናው «ኖ ዲስክ» ይላል፤ ወይም ምስሉ ጥቂት ከሄደ በኋላ ይቆማል። ያን ጊዜ «አንተ የተማርህ ነህና እስቲ እየው» ተብሎ የሚጠራው ተማሪው ወይም ወጣቱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ይህ ጥሪ ለሚደርሳቸው ሁሉ ጥቂት ለማለት አስበናል።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንዳንዱ ያልሞተውን ዲስክ ሞቷል ብሎ ይጥላል። ሌላው ደግሞ እየሞተ ያለውን ዲስክ ደኅና ነው ብሎ በቁም ሣጥን ያኖራል። ሁለቱም የሚመጡት የዲስኩን ባሕርይ ካለማወቅ ነው።

ዲቪዲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ መጀመሪያ የታወቀው በፋብሪካ የሚታተመው ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ምስሉና ድምፁ በጥቃቅን ጉድጓዶች መልክ እንደ ማኅተም ተመትቶ ይወጣል። ፎቶ ቤቱ ወይም የቤታችን ኮምፒዩተር የሚቀዳው ግን እንዲህ አይደለም። በዲስኩ ሆድ ውስጥ ስስ ቀለም ተቀብቷል፤ የሌዘር ጨረር ቀለሙን እያጋለ ምልክት ይጥልበታል። በተለምዶ «በርን ማድረግ» የሚባለውም ይኸው ነው። እንግዲህ የፋብሪካው የተመታ ሲሆን የቤቱ በቀለም የተጻፈ ነው ማለት ነው። ቀለምን ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዙታል። በመሥመርና በመሥመር መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እንኳ ስለማይሞላ፣ ለዐይናችን ምንም የማይመስል ጉድለት ለማጫወቻው ብዙ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው አስቀድሞ የታመመው ማን እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ይህም ቀላል ነው። በፋብሪካ የታተመ፣ ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ዲስክ ይግባ። እርሱም እንቢ ካለ ሕመሙ የመኪናው ነው፤ ብዙ ጊዜም የሌዘሩ መስተዋት አቧራ ይዞታል። የፋብሪካው ተጫውቶ የእኛው እንቢ ካለ ግን የእኛው ዲስክ በሌላ ማጫወቻ፣ ይልቁንም በኮምፒዩተር ይሞከር። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ እንጂ ሁሉን በአንድ ላይ መነካካት ምክንያቱን ይሰውራል።

በኮምፒዩተር ተከፍቶ በማጫወቻ እንቢ የሚል ዲስክ አልሞተም፤ ምናልባት አጻጻፉ ተሳስቶ ይሆናል። የዲቪዲ ማጫወቻ የሚያውቀው «ቪዲዮ ቲ ኤስ» በሚባል ማኅደር ውስጥ በሥርዐቱ የተደረደረውን ነው። ቀጂው የፊልሙን ፋይል እንዲሁ እንደ ማንኛውም ሰነድ ጥሎበት ከሆነ የድሮ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ አያነቡትም። በቤት ውስጥ መቅረጫ ወይም በካሜራ በቀጥታ የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ «መዝጋት» የሚባለው ሥራ ተረስቶ ይሆናል። ያልተዘጋ ዲስክ ማውጫው እንዳልተጻፈለት መጽሐፍ ነው። መድኃኒቱም በቀረጸው መሣሪያ ውስጥ መልሶ አስገብቶ መዝጋት ነው።

የዲስኩ ዓይነትም ይታይ። «ማይነስ አር» እና «ፕላስ አር» የሚባሉት ከተለያዩ የኩባንያ ማኅበራት የወጡ ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ፕላስ አር በ2002 እ.ኤ.አ. የመጣ ስለ ሆነ ከእርሱ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ማጫወቻዎች አያውቁትም። እየተሰረዘ የሚጻፈው «አር ደብሊው» ደግሞ ብርሃንን በጣም አሳንሶ ስለሚመልስ ያረጀ ሌዘር ፈጽሞ ላያየው ይችላል።

ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ዲስክ ሌላ መሰናክል አለው። በአገራችን ሲሠራበት የኖረው የቴሌቪዥን ሥርዐት ፓል ሲሆን በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል። የአሜሪካው ኤን ቲ ኤስ ሲ ግን ወደ 30 ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ለዋሽንግተን ዘመድ የተላከ የሠርግ ዲስክ በዚያ ማጫወቻ አልነበብ ቢል «ባዶ ዲስክ ላኩልን» ተብሎ መቀያየም አይገባም፤ ኮምፒዩተር ሁለቱንም ያነባል። አንዳንዶች የክልል ቁጥርን ምክንያት ያደርጋሉ። እውነት ነው፣ ኢትዮጵያ በ5ኛው፣ አሜሪካ በ1ኛው ክልል ተመድበዋል። ነገር ግን ይህ ቁልፍ የሚደረገው ለሽያጭ በሚታተም ፊልም ላይ ነው እንጂ በቤት በተቀዳ ሠርግ ላይ አይደለም።

ሠርጉ ደኅና ታይቶ መልሱ ላይ ሲደርስ የሚቆም ዲስክ ደግሞ የራሱን ሕመም ይናገራል። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ነውና መጨረሻው የሚገኘው ጣት በሚነካው፣ ጭረት በሚበዛበት ጠርዝ ላይ ነው። የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ የያዘ ወረቀት ከላይ የተለጠፈበት እንደ ሆነ ወረቀቱ ሚዛኑን ያዛባል፤ ዲስኩም በፍጥነት ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። እድፉን ለማጥራት ለስላሳ ጨርቅ በውኃ አርጥቦ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። ክብ እየዞሩ ማሸት መሥመሩን ተከትሎ ስለሚቧጭር ይጎዳል። የተለጠፈውን ወረቀት ለመላጥ መታገልም ሆነ በጥርስ ሳሙና መፈተግ ሌላው ሁሉ ሳይሞከር የሚደረግ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እንደ ምንም ብሎ አንድ ጊዜ የተነበበ ዲስክ ዳነ ማለት አይደለም። የደበዘዘ ቀለም ተመልሶ አይደምቅም። ስለዚህ በተነበበባት በዚያች ሰዓት ማኅደሩ ሙሉውን፣ ምንም ሳይቀነስ፣ ወደ ኮምፒዩተር ይገልበጥ። ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት ብቻ ስለ ሆነ ለዛሬው ማከማቻ ሸክም አይሆንም። ኮምፒዩተሩ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩ ኤስ ቢ ገመድ የሚሰካ ማንበቢያ መዋስ ይቻላል። ከተገለበጠም በኋላ አንዱ ቅጂ በቤት፣ ሌላው በወንድም ወይም በእኅት ዘንድ ይቀመጥ፤ ፍላሽም ቢሆን ይጠፋል፣ ይበላሻልና።

የርስትና የውል ወረቀት አንድ ቅጂ ብቻ ተደርጎ ለምስጥ አይተውም። እኛም የአባትን ምርቃት በአንዲት ዲስክ ብቻ ማኖር አይገባንም። ማንበቢያው መኪና ከየቤቱና ከየገበያው እያነሰ በመሄድ ላይ ነው። ስለዚህ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለበዓል ወደ ወላጆቻቸው ቤት በሚሄዱበት ጊዜ፣ ዲስኩ እስኪበላሽ ሳይጠብቁ፣ ገና እየተነበበ ሳለ እንዲገለብጡት አደራ እንላለን።