ስልክ ቢወድቅ አታጎንብሱ

ከመድረክ ሥር ቆሜ ኮንሰርት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ያየሁት» ስል ራሱ እያጋነንኩ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የክልል ከተማ ስታዲየም ነው። ዘፋኙን ከሃይስኩል ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች። «ፊት ካልሆንን ብንቀር ይሻላል» አለችኝ። ተስማማሁ። ፖስተሩ 10 ሰዓት ይጀምራል ይላል፤ እኛ 7 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ነበርን። ሲከፈት ሮጥን። ከመድረኩ ፊት ያለውን የብረት አጥር በሁለት እጄ ስይዝ ሎተሪ የወጣልኝ ነው የመሰለኝ። ሰልፊ ተነሳን፣ ለቀናተኞች ጓደኞቻችን ላክን።

10 ሰዓት ላይ ዲጄ። 12 ሰዓት ላይ ዲጄ። ከምሽቱ 2 ሰዓትም ዲጄ። የእኛን አገር ኮንሰርት የሚያውቅ አይገረምም። ውኃ አልጠጣንም፤ ሽንት ቤት የሄደ ሰው ቦታውን ተመልሶ አያገኝማ። ዘፋኙ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቅ ሲል ከኋላችን ያለው ሕዝብ እንዳለ ወደፊት መጣ። ሆዴ ከብረቱ ጋር ተጣበቀ። እኔ ግን ስልኬን ከፍ አድርጌ እየቀረጽኩ ነበር።

የአንድ ሰው ክርን እጄን መታኝና ስልኩ ወደቀ። ሳላስብ አጎነበስኩ።

እታች ጨለማ ነው። ጫማ ብቻ ነው የሚታየው። ስልኩን ሳላገኘው ቀና ልል ብሞክር ከላዬ ቦታ የለም፤ ቅድም የቆምኩበትን ክፍተት ሰው ሞልቶታል። የማን እንደሆነ የማላውቀው ጉልበት ጀርባዬ ላይ አረፈ። እንደ ሰው መጮህ እንኳን አቃተኝ፤ ትንፋሽ የለኝም። እህቴ «ተነስ! ተነስ!» እያለች የጃኬቴን ኮሌታ ትጎትታለች። አንድ የማላውቀው ልጅ እጁን በብብቴ ሥር አስገብቶ አነሳኝ። ከአጥሩ ወዲያ የነበረ ጥበቃ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን በአጥሩ ላይ አሻገረን። የመጀመሪያው ዘፈን ገና አላለቀም ነበር። እህቴ «አንድ ደቂቃ አይሞላም» ትላለች። ለእኔ ግን ረጅም ነበር።

ልጁን አላመሰገንኩትም፤ ዞር ስል አላየሁትም። ስልኩም እዚያው ቀረ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ሲንሲናቲ፣ የ«ዘ ሁ» ባንድ ኮንሰርት መግቢያ በር ላይ 11 ወጣቶች ሞቱ። ዝግጅቱ የተጀመረ የመሰለው ሕዝብ ወደ በሩ ተገፍቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዴንማርክ የሮስኪልድ ፌስቲቫል 9 ሰዎች መድረክ ፊት ለፊት ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሂውስተን፣ በትራቪስ ስኮት አስትሮወርልድ ላይ 10 ሰዎች አለቁ፤ ትንሹ የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚሞተው ተረጋግጦ ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገድለው መታፈን ነው። ደረት ከፊትና ከኋላ ሲጨፈለቅ ሳንባ መስፋት ያቅተዋል፤ ሰው እንደቆመ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሕዝብ ደኅንነት ባለሙያዎች በ1 ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ሰው በላይ ከቆመ ተጠንቀቁ ይላሉ። 6 እና 7 ሲደርስ ማንም በራሱ እግር አይሄድም፤ ሕዝቡ እንደ ውኃ ይወዛወዛል። ከኋላ ያለው የሚገፋው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ፊት ያለው መተንፈስ እንዳቃተው አያይም፣ አይሰማም።

ወደዚያ ምሽት ልመለስ። ጥበቃው በጎን አውጥቶ ለቀቀን። በእህቴ ስልክ መብራት እየተመራን ወደ ኋላ ሄድን፤ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ይዞ ከተቀመጠበት ድንኳን ጎን ቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሁለት ዘፈን በኋላ ግን እህቴ «እንዴ፣ አሁን ይሰማል አይደል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ፊት በነበርንበት ጊዜ የሚሰማን ደረት የሚደልቀው ቤዝ ብቻ ነበር። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከፍ ብለው የሚሰቀሉት ድምፁ መሐልና ኋላ ያለው ሕዝብ ጋ እንዲደርስ ነው፤ ከሥራቸው ለቆመ ሰው የዘፋኙ ድምፅ በአናቱ ላይ ያልፋል። ባለሙያው ደግሞ ድምፁን የሚያስተካክለው ራሱ ተቀምጦ በሚሰማበት ቦታ ልክ ነው። ስለዚህ ሚክሰሩ አካባቢ የቆመ ሰው ባለሙያው የሚሰማውን ይሰማል። እይታውም እንዲሁ ነው። መድረክ ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን ከሥሩ የቆመ ሰው አንገቱን ሰብሮ የሚያየው ጫማና ማይክ ማቆሚያ ነው። እኛ ካለንበት ባንዱም፣ መብራቱም፣ ትልቁ ስክሪንም ይታያል።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ኮንሰርት ሄጃለሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ በሩን እዩ። ሰው ከገባ በኋላ ቅርቡ ባለው ጎን ይከማቻል። በስተቀኝ ከገባችሁ በኋላ በኩል ዞራችሁ ወደ ግራ ጎን ተሻገሩ፤ ብዙ ጊዜ ያኛው ወገን ይሳሳል፣ ሳትጋፉ ወደ መድረኩ መቅረብ ትችላላችሁ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኛ ካታንጋና ጥላ ፎቅ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ኮንሰርትም እንደዚያው ነው፤ ቦታ መምረጥ ራሱ ሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ከመድረኩ ፊት ማን እንደሚቆም ጠይቁ። ብዙ ቦታ ፊቱ ለቪአይፒ ይታጠራል። መደበኛ ቲኬት ይዞ ከቀኑ 7 ሰዓት መሰለፍ የሚያስገኘው የሁለተኛውን አጥር ፊት ነው።

ሦስተኛ፣ ቁመታችሁ አጠር ካለ (እህቴ ይቅርታ) ከሜዳ ይልቅ ከፍታ ፈልጉ። መስቀል አደባባይ ላይ ደረጃውን የያዘ ሰው ሜዳው ላይ በእግር ጣቱ ከሚቆመው የተሻለ ያያል።

አራተኛ፣ የግድ ፊት ካላችሁ፣ መሐሉን ትታችሁ ጥጉን ያዙ። ግፊያው የሚበረታው መሐል ላይ ነው፤ ከጥግ ለመውጣት ይቀላል። ብሉ፣ ውኃ ጠጡ። በራሳችሁ ፈቃድ መዞር ካቃታችሁ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ውጡ። ግፊያ ሲመጣ መልሳችሁ አትግፉ። እንደ ቦክሰኛ እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጉና ለሳንባችሁ ቦታ ጠብቁ፤ ማዕበሉ ጋብ ሲል በሰያፍ፣ በሰውና በሰው መሐል ወደ ጎን ውጡ። አጠገባችሁ ሰው ከወደቀ ቪዲዮውን ተዉትና አንሱት። እኔ ዛሬ የምጽፈው አንድ ልጅ እንዲህ ስላደረገ ነው።

አምስተኛ፣ ስልክ። ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ስትገቡ ተነጋገሩ። «ደውልልኝ» እዚያ አይሠራም። የምትወዱትን አንድ ዘፈን ቅረጹና ስልኩን ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ክተቱት። ከእጃችሁ ከወደቀ ደግሞ፣ የፈለገ አዲስ ይሁን፣ የፈለገ ፎቶ ይኑረው፣ አታጎንብሱ። ይሂድ።

ይህ ሁሉ የአዘጋጆችን ኃላፊነት አይቀንስም። ሜዳው ከሚችለው በላይ ቲኬት አለመሸጥ፣ ሕዝቡን በአጥር ከፋፍሎ ግፊያውን መስበር፣ ውኃ ማደል፣ ችግር ሲመጣ ሙዚቃውን የሚያስቆም ሰው መመደብ የእነሱ ሥራ ነው። 7 ሰዓት ላይ በር ከፍቶ ዘፋኙን በማታ ማቅረብም ሰውን ማድከም ነው።

ለእማዬ እስከ ዛሬ «ስልኬን ሌባ ወሰደው» ነው ያልናት። እህቴ ግን ዝግጅት ባለ ቁጥር አሁንም ቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ ቦታ ነው፤ ጥያቄዋ ብቻ ተቀይሯል። «ፊት እንሆናለን?» ትል የነበረችው፣ አሁን «ሚክሰሩ የት ጋ ነው?» ትላለች።